ሁለት ጣት ለእድገት

ሰኞ ጠዋት፣ ሰኔ 9

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? አያቱን ገና በአካል ያላየው ጌታው ልጅሽስ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ጀርባዬ እንደ ልማዱ ያጉረመርማል፤ እኔም መልሼ አጉረመርምበታለሁ፤ ተላምደናል። የኮት ቁልፍ ተካይዋም ደህና ናት። አሁንም በስፌት ቤቱ መስኮት ሥር ተቀምጣ፣ መርፌዋን በከንፈሯ ይዛ ሰው ታማለች። አንድ ቀን ትውጠዋለች እያልኩ አረጀሁ።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን አንቺ «አባዬ፣ በላህ?» ስትዪ፣ እኔ «በላሁ» ስል ሰዓቱ ያልቃል። ደግሞም ድምፅሽን ስሰማ ሆዴ ይባባና ያሰብኩት ሁሉ ይጠፋኛል። ስለዚህ ጻፍኩት። ደብዳቤውን ኪሱ ውስጥ ያገኘሽበትን ኮት ገና ለጌታው አታልብሺው። መጀመሪያ አንብቢ።

ኮምፒውተር ተማር ብለሽ የነዘነዝሽኝ አንቺ ነሽና ጉዱንም ስሚ። ሰፈራችን ያለው ቤተ መጻሕፍት ለሽማግሌዎች ከሰዓት በኋላ ያስተምራል፤ ተመዝግቤያለሁ። አስተማሪያችን በዕድሜ ካንቺ የምታንስ፣ በትዕግሥት ግን ሁላችንንም የምታስከነዳ ልጅ ናት። በቅርቡ ኤክሴል የሚባለውን ጀመርን። ሰንጠረዥ ነው፤ ቁጥር ትሞዪበታለሽ፣ ከዚያ አንድ ነገር ስትጫኚ ቁጥሩ መስመር ሆኖ ይሳላል። «ከቤታችሁ የሆነ ቁጥር አምጡ» አለችን። አንድ ጡረተኛ ሾፌር የደም ግፊቱን አመጣ። እኔ መቃኑን አመጣሁ።

ነቅዬ ተሸክሜው የሄድኩ እንዳይመስልሽ። በየዓመቱ በልደቱ ቀን የጌታውን ቁመት ስትነግሪኝ፣ የስፌት ቤቱ በር መቃን ላይ በእርሳስ አሰምራለሁ። በዚያው ቀን እኔም ጫማዬን አውልቄ ከምልክቱ ጎን እቆማለሁ፤ ቁልፍ ተካይዋ በርጩማ ሳያስፈልጋት ከአናቴ ላይ ታሰምራለች። የሱ ምልክት ወደ ላይ ይወጣል፣ የኔ ወደ ታች ይወርዳል። አጭሬ የተባልኩት እኮ በጉብዝናዬ ዘመን ነው፤ አሁን ቢያዩኝ ምን ሊሉኝ ነበር? እርጅናም እንደ ውሃ ነው፣ እያሳሳቀ ይወስዳል።

ምልክቶቹን በሜትር ለክቼ በሁለት ዓምድ አስገባኋቸው፤ አንዱ የሱ፣ አንዱ የኔ። ሁለት መስመር ወጣ። የሱ ሰማያዊ ነው፣ ሽቅብ ይወጣል። የኔ ቀይ ነው፣ ቀስ ብሎ ወደ ታች ያዘነብላል። አንድም ቀን አጠገቤ ቆሞ የማያውቅ ልጅ፣ እዚያ ስክሪን ላይ ወደ እኔ እየመጣ ነበር።

አስተማሪዋ በትከሻዬ በኩል ጎንበስ ብላ አየች። «አባባ፣ እነዚህ ሁለቱ እኮ ሊገናኙ ነው።»

«የት ጋ?»

«ገና ናቸው። ላስረዝማቸው?»

አንድ ነገር ነካች። መስመሮቹ ነጠብጣብ ሆነው ካለንበት ቀን አለፉና ወዳልመጣው ዓመት ገቡ። እዚያም ተገናኝተው ተላለፉ። ልጄ፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ላይ ሳሰምር ኖሬያለሁ፤ የማሰምረው ግን ፊቴ የቆመን ሰው ለክቼ ነው። ገና ባልነጋ ቀን ላይ ነጥብ ሲያርፍ አይቼ አላውቅም። ፈራሁም፣ ደስም አለኝ።

ቀኑን ለማወቅ ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ ስክሪኑ ላይ ዘረጋሁ። «አባባ፣ እዚህ ሜትር አይሠራም!» አለች። ሾፌሩ ደግሞ «ተይው፣ ኮት ሊሰፋለት ነው» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገደለው። በዓይን መገመት አያስተማምንም ብላ ሌላ መንገድ አሳየችኝ። ሦስተኛ ዓምድ ከፈትንና ወር በወር ከኔ ቁመት ላይ የሱን ቀነስን። ልዩነቱ እያነሰ፣ እያነሰ ይወርዳል። ዜሮ የሚሆንበት ወር፣ መስመሮቹ የሚገናኙበት እሱ ነው። እኔ ዜሮ ባዶ ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ ዜሮ ማለት በኔና በልጅሽ ዓይን መካከል ሽቅብም ቁልቁልም የለም ማለት ነው! መገናኛው የሚመጣው ዓመት ሐምሌ ላይ ዋለ።

«ሐምሌ!» እያልኩ ስፌት ቤት ገባሁ። ቁልፍ ተካይዋ መርፌዋን ከከንፈሯ አወጣች፤ ይህ ራሱ ብርቅ ነው። መቃኑን አየች፣ እኔን አየች።

«ቆይ እስቲ፤ የልጁን ስታሰምር ለእድገት አልጨመርክበትም?»

ክው አልኩ። እኛ ሰፊዎች የልጅ ልብስ ላይ ሁለት ጣት እንደምናተርፍ ታውቂያለሽ፤ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይሰፋል፣ ልጁ ሲያድግ ይፈታል። እጄ ለምዶበት፣ አንቺ የነገርሽኝን ቁመት ሳሰምርም በየዓመቱ ሁለት ጣት ስጨምርበት ኖሬያለሁ። ጨርቁ ላይ ሳይሆን ልጁ ላይ! አሥር ጊዜ ለካ አንዴ ቁረጥ እያልኩ ስንቱን የገሠጽኩ ሰው።

በሚቀጥለው ትምህርት ሁለቱን ጣት ከሱ ዓምድ ላይ ቀነስን። ሰማያዊው መስመር ሳይጣመም እንዳለ ዝቅ አለ። መገናኛው ግን ሸሸ፤ ከሐምሌ ተነሥቶ ክረምቱን ተሻግሮ የካቲት ላይ ቆመ። ለኮት ምንም ያልሆነች እጥፋት ይህን ያህል ወር ትበላለች ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሜትሬን ጣቴ ላይ እጠቀልል ጀመር። አስተማሪዋ «ምነው አባባ?» አለችኝ።

«ሐምሌ ይሻለኝ ነበር» አልኳት።

«ማሽኑ እኮ እስከ ዛሬ በሄዳችሁበት ትሄዳላችሁ ብሎ ነው። ልጅ አንዳንዴ ባንድ ክረምት ይመዘዛል።» እሷ የልጁን መስመር ነው ያሰበችው። የኔን አልነገርኳትም። ሐኪሙ ስለ ጀርባዬ ያለኝንም እዚህ አልጽፈውም፤ ስትመጪ ቁጭ ብለን እናወራዋለን።

ከዚያ ይህን ኮት ሰፋሁ። ርዝመቱን የቆረጥኩት ጌታው ዛሬ ባለው ቁመት አይደለም፤ በመገናኛው ቁመት ነው። ለሙከራ የለበስኩት እኔ ነኝ፤ ቁልፍ ተካይዋ በስፒል እየወጋችኝ እጅጌውን ያዘችልኝ። ትከሻውን በኋላ አጠበብኩት። «ለመሆኑ ለማን ነው?» አለችኝ። «ለሁለታችን» አልኳት። ያቺ አላጋጭ ያን ዕለት ሳታላግጥ ቁልፎቹን መምረጥ ጀመረች። ለልጅ ስሰፋ ለእድገት ሳላተርፍ የቀረሁት በዚህ ብቻ ነው፤ እጥፋት ብትፈልጊ አታገኚም።

ስለዚህ አሁን ቢረዝምበት አትደንግጪ። ስቀዪው። እጅጌው ልክ የእጁ አንጓ ላይ ሲያርፍ መስታወት ፊት አቁሚው። ዓይኑ ያለበትን ቦታ እዪ። የኔም ዓይን እዚያው ነው።

መምጣት ከቻልሽ ግን፣ የኔ ልጅ፣ መገናኛውን አትጠብቂ። ሥራሽ እንዴት እንደሚይዝሽ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ናፍቃችሁኛል። አሁን ያለው ቁመት ይበቃኛል። አፍንጫዬ ሥርም ቢሆን ይቁምልኝ።

እግርሽን እንቅፋት አይምታው። የዘረጋሽው እጅ ባዶውን አይመለስ። ጌታው ከኔ ይርዘም፣ ከመቃኑም ይርዘም፣ ጎንበስ ብሎ የሚገባበት የራሱ ቤት ይኑረው።

ከመፈረሜ በፊት አንድ የረሳሁት አለ። ማሽኑ የኔን ቀይ መስመር ከመገናኛውም አሳልፎ ስሎት ነበር። አስተማሪዋ ወረቀት ላይ ልታትምልኝ ስትል «አባባ፣ ከዚህ ወዲያ ያለውን ትርፍ ልቁረጠው?» አለችኝ።

«ተይው» አልኳት፤ «ለእድገት ይሁነኝ።»

የሚወድሽ አባትሽ፣
አጭሬ ሰፊው