አሳዳጊ ያልበደላት ዶሮ ፍለጋ

ለከተማው ጊዜያዊ የሥጋና የእንስሳት አስተዳደግ አጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
አሶሳ

ጥቅምት 27 ቀን 1988 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ በቁጥጥር ሥር ስለሚገኙ አራት ዶሮዎችና በአልጋ ላይ ስለሚገኝ አንድ ባል

ክቡር ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። እንደምን ሰነበቱ? ልብዎ እንዴት ነው? ደም ግፊትዎስ? ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ አያጥርዎትም? ሌላው ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ «ለጤናዎ እንደምን አሉ» ብሎ ያልፋል፤ እኔ ግን ከመስቀል ወዲህ የሰውን ጤና በየብልቱ ለይቼ መጠየቅ ስለለመድኩ አይፍረዱብኝ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ደኅና ያልሆነው ባለቤቴ ገበየሁ ነው፣ የምጽፍልዎትም ስለ እሱ ልብ ነው።

ስሜ ሰንበቴ ሀብቱ ይባላል። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው እዚህ ከሰፈሩት አንዷ ስሆን፣ አሁን በገበያው ዳር በርበሬና ሽሮ እሸጣለሁ። ክልላችን አዲስ መሆኑን አውቃለሁ። አዲስ ቤት የገባ ሰው እቃውን ሁሉ ቦታ ቦታ እስኪያሲዝ ጊዜ እንደሚፈጅበትም ስለምረዳ፣ ያለኝን ትዕግሥት በሙሉ በቅድሚያ ለኮሚቴው አበርክቼ ነበር። አሁን ያለቀብኝ ለዚህ ነው።

፩ኛ. ስለ ቃል ለውጡ

በነሐሴ ወር ኮሚቴዎ በሥጋ ቤቶቹ ግድግዳ ላይ በለጠፈው ማስታወቂያ፣ «ጮማ የሚለው ቃል ያለፉትን ሥርዓቶች የድግስ መንፈስ የሚያንጸባርቅ በመሆኑ፣ ከእንግዲህ ነጭ ሥጋ ተብሎ እንዲጠራ ተወስኗል» ማለቱን በአክብሮት አንብበናል። ለዚህ ታላቅ ውሳኔ ስንት ስብሰባ እንደፈጀ ባላውቅም፣ ልፋታችሁን አደንቃለሁ። በተመኑ ላይም ነጭ ሥጋ ከቀይ ሥጋ ረክሶ ስለተጻፈ፣ እንደ እኔ ያለ የአቅሙን የሚገዛ ሰው መርቋችኋል።

ታዲያ በመስቀል ማግስት ገበየሁ ደረቱን ይዞ ደጃፍ ላይ ቁጭ አለ። ትንሽ ጨነቀኝ እንጂ ደኅና ነኝ ይላል፣ ላቡ ግን በአገጩ ይንጠባጠባል። እየደገፍን ሐኪም ቤት ወሰድነው። ዶክተር እዩኤል ዘንድሮ ትምህርቱን ጨርሶ የመጣ ትሑት ልጅ ነው፤ ልቡን አዳመጠ፣ የደም ግፊቱን ለካ፣ ከዚያም ወንበሩን ስቦ እንደ ልጃችን ሆኖ አስረዳን። ጨው ይቀነስ፣ ቅቤ ይቅር፣ ቀይ ሥጋ በፍጹም እንዳይነካ፣ ሥጋ ካማረው ነጭ ሥጋ ብቻ ይብላ አለን። ክቡር ሰብሳቢ፣ ሐኪሞች ነጭ ሥጋ የሚሉት ዶሮና ዓሣን መሆኑን እኔ ከየት ልወቅ? እኔ የማውቀው ነጭ ሥጋ እርስዎ የለጠፉትን ነው።

እውነቱን ለመናገር ግራ ገብቶኝ ነበር። ጮማ ልብ ያደክማል ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። ነገር ግን ሐኪም በአፉ ከተናገረ፣ ኮሚቴም በማስታወቂያ ካጸደቀ፣ በርበሬ ሻጯ ሰንበቴ ማን ናትና ትከራከራለች? ሥጋ ቆራጩ ዳበሳ እንኳ ቢላዋውን አስቀምጦ፣ እትዬ ሰንበቴ እውነት ይህን ሐኪም ነው ያዘዘው ብሎ ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል። እኔም በጣቴ ማስታወቂያውን አሳየሁት። ከሻኛው መርጦ ከቆረጠልኝ በኋላ የሐኪሙን ስም ጠየቀኝ፤ ለራሱም ሊታከም አስቦ ይመስለኛል።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ባለቤቴን በጮማ አከምኩት። ከገበየሁ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ስኖር ሐኪም ሲመርቅ የሰማሁት በእነዚያ ቀኖች ብቻ ነው። መድኃኒት ይመራል ያለው ማነው እያለ ጣቱን ይልሳል። ረቡዕና ዓርብን፣ የንስሐ አባቱ ሕመምተኛ ነህና ይቅርብህ ቢሉትም፣ ጾሜን አልሽርም ብሎ ይጾማል፤ የቀሩትን አምስት ቀኖች ግን አንድም ሳያጓድል ታክሟል።

ለምርመራ ስንመለስ ዶክተር እዩኤል ግፊቱን ለክቶ መሣሪያው ተበላሽቷል አለና ሌላ አስመጣ። ሌላውም ያንኑ ተናገረ። ምን ምን እንደሚበላ ጠየቀኝ፣ እኔም ደረቴን ነፍቼ ነገርኩት። ልጁ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። እናቴ፣ ነጭ ሥጋ ያልኩሽ ዶሮ ነው፣ ዶሮና ዓሣ! ብሎ ጮኸ። በዚህ ዓይነት ሦስት ሳምንት ከቀጠለ ባልሽን ታጪዋለሽ አለኝ፤ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ይህችን ክፍል እንደ ሌላው በጨዋታ ልጽፋት ሞክሬ አልሆን ስላለኝ እንዳለች ትቻታለሁ።

በሰባ ሰባቱ ረሃብ ከሞት አፍ ፈልቅቄ ያወጣሁትን ሰው፣ በሰማንያ ስምንት በጮማ አልቀብረውም። ይህን ለራሴ ምዬ ከሐኪም ቤቱ ወጣሁ።

፪ኛ. ስለ አስተዳደግ

ዶሮ ፍለጋው ቀላል አልነበረም። ከነቀምት በጭነት መኪና እግራቸው ታስሮ፣ ቁልቁል ተንጠልጥለው የሚመጡት ዶሮዎች ዋጋቸው አይቀመስም፤ ደግሞም ሲደርሱ ሳያቸው፣ እነሱ ገበየሁን ያስታምሙት ይሆን፣ እሱ እነሱን ያስታምማቸው ይሆን አልለይ ይለኛል። የዳቡስ ወንዝ ዓሣ በጨው ታሽቶ ደርቆ ነው የሚመጣው፣ ጨው ደግሞ ተከልክሏል። በመጨረሻ፣ እግዜር ይስጣትና፣ ዐዋጢፍ ደረሰችልኝ።

ዐዋጢፍ በመንጌ መንገድ ያለች የበርታ ሴት ናት፤ በርበሬ ከእኔ ትወስዳለች፣ ከበርበሬም አልፈን ቤተሰብ ሆነናል። ዶሮዎቿን ሄጄ አይቻለሁ። ምስጥ ጭረው ይበላሉ፣ የወደቀ ማሽላ ይለቅማሉ፣ ሲመሽ ማንጎው ላይ ይሰፍራሉ፤ መርፌ የሚባል ነገር አያውቁም። ስትጠራቸው የበሉትን እንኳ ጥለው ከየጥሻው እየሮጡ ይመጣሉ። የእኔ ልጆች እንዲህ ቢታዘዙኝ ኖሮ ፀጉሬ ዛሬም ጥቁር ነበር። የነቢያት ጾም እስኪገባ አራት ሳምንት ስለቀረ፣ በየሳምንቱ አንድ እንዲታረድለት ብላ በአቅሜ ዋጋ አራት ልታመጣልኝ ተስማማን። ሦስት እንስቶችና አንድ ነጭ አውራ ዶሮ።

ጥቅምት አሥራ ሰባት፣ ቅዳሜ፣ በቀርቀሃ ቅርጫት ይዛቸው ስትመጣ የኮሚቴው ጸሐፊ ገበያው በር ላይ አስቆሟት። የአስተዳደግ ማስረጃ አምጪ ተባለች።

ክቡር ሰብሳቢ፣ ይህ መመሪያ ሲወጣ ያጨበጨብኩ ሰው ነኝ። የገንዲ በሽታ የያዘው ከብት ዛሬ ተወግቶ ነገ ሲታረድ፣ መድኃኒቱን እኛ በሥጋ መልክ ስንበላው ኖረናልና፣ እንስሳው የት እንዳደገና ምን እንደተወጋ ይጣራ መባሉ ተገቢ ነበር። ታዲያ በዚያችው ቅዳሜ፣ መርፌው የገባበት ትከሻው ገና እንዳበጠ ያለ በሬ ወረቀቱን አስይዞ በዚያው በር ሲያልፍ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ወረቀቱ ላይ «አስተዳደግ፦ እጅግ መልካም» ይላል። የዐዋጢፍ ዶሮዎች ግን የዶሮ ማህተም አዲስ አበባ ሄዶ ገና እየተቀረጸ ስለሆነ አያልፉም ተባለ።

ጸሐፊው ቅጽ አወጡ። ስም፣ የአባት ስም፣ የመጡበት ወረዳ። የአባት ስም ከሚለው ላይ ሲደርሱ ብዕራቸውን ይዘው ጠበቁ። ዐዋጢፍም ወረቀት የለም፣ እናቱ ግን ቤት አለ፣ ና ጠይቀው አለቻቸው። ጸሐፊው በአማርኛዋ ከት ብለው ሳቁ። እሷ በበርታ፣ በዐረብኛና በአማርኛ ትገበያያለች፤ እኔ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬ በበርታ ቋንቋ ከሰላምታ አላልፍም፤ ጸሐፊዎ ደግሞ በአንዱም ቋንቋ ሴት ማክበር አልተማሩም። በእኛ አገር ባለጌን ሰው አሳዳጊ የበደለው እንለዋለን። በዚያ በር ላይ ከቆሙት መካከል አሳዳጊ የበደለው ማን እንደሆነ መለየቱን ለኮሚቴው እተዋለሁ፤ ዶሮዎቹ እንዳልነበሩ ግን እኔ ምስክር ነኝ።

አራቱም «ጉዳያቸው እስኪጣራ» ተብለው ከነቅርጫታቸው ተያዙ።

፫ኛ.

ሦስተኛውን ቁጣዬ ሁለተኛው ውስጥ ጨርሶታል። ቁጥሩን ግን ከጻፍኩት አይቀር፣ ቢሮዎ ሦስት ጊዜ መመላለሴን ልጥቀስበት። ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ። የስብሰባው ርእስ አስተዳደግ ነው ብለውኛል፤ እግዜር ውጤቱን ያሳምረው።

ገበየሁ አሁን ያለ ቅቤ የተሠራ ጎመን ይቀርብለታል። ሳህኑን ያየዋል፣ ቀጥሎ እኔን ያየኛል፣ ከዚያ ዶሮው መቼ ነው የሚመጣው ይለኛል። ዶሮው ታስሯል ስለው ቀልድ ይመስለዋል። ሰውየውን አውቀዋለሁ፤ ዶሮ ከቀረ ተደብቆ ዳበሳ ዘንድ መሄዱ አይቀርም። አንድ ቀን ከዚያ ሥጋ ቤት ደጃፍ ወድቆ እንዳላነሣው እፈራለሁ። በጣም ነው የምፈራው።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎት ሁለት ነገር ነው። ጮማ ስሙ ጮማ ተብሎ ይመለስለት፤ ድግስ አስታወሰንም አላስታወሰን እሱ ሰው ይገድላልና ሰው በስሙ ይወቀው። ዶሮዎቹም ወይ ይፈቱልኝ፣ ወይ ክሳቸው ይነገረኝ።

ለሥጋችን በመጨነቅ ነፍሳችንን ላወጡት ለእርስዎና ለኮሚቴዎ አባላት ረጅም ዕድሜ፣ ቀና ሕሊናና ስብ ያልነካው ልብ እየተመኘሁ፣ ከስብሰባዎ ተነሥተው አንድ ቀን ቢሮዎ ውስጥ እስካገኝዎ ድረስ ከታላቅ አክብሮት ጋር እጅ እነሳለሁ።

ሰንበቴ ሀብቱ
የገበየሁ ሚስት፣ በርበሬ ሻጭ

ግልባጭ፦
ለዶክተር እዩኤል፦ ከእንግዲህ ዶሮን ዶሮ ብለው እንዲጠሩ
ለሥጋ ቆራጭ ዳበሳ፦ ገበየሁን ሲያይ በሩን እንዲዘጋ
ለዐዋጢፍ፦ እኔው አነብላታለሁ
ለአራቱ ዶሮዎች፦ ባሉበት

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦

ይህን ደብዳቤ ማስታወቂያ በሚለጥፉበት ግድግዳ ላይ ልለጥፍ ከዐዋጢፍ ጋር ስንሄድ መንገዳችን በቤትዎ አጥር በኩል ነበር። ከግቢዎ የዶሮ ድምፅ ሰማንና ዐዋጢፍ ቀጥ ብላ ቆመች። ጉዳያቸው እስኪጣራ ብላችሁ አልነበር? ኮሚቴው ሲያጣራ አሥር ቀን ስለፈጀበት ዐዋጢፍ በራሷ ቋንቋ አንድ ጊዜ ተጣራች። ሦስቱ እንስቶች ከጓዳዎ በር ወጥተው፣ በአጥሩ ሾልከው፣ እግሯ ሥር መጥተው ቆሙ። ከዚህ የበለጠ የአስተዳደግ ማስረጃ ኮሚቴው ካለው ይለጥፍልንና እንየው። አንዷ ዛሬ ለገበየሁ ያለ ቅቤ ተሠርታ ቀርባለች፤ ነጭ ሥጋ የሚሉት ይሄ ነው እንዴ ብሎ በጣም ቢያዝንም አንድ አጥንት አላስተረፈም።

አራተኛው፣ ነጩ አውራ ዶሮ፣ ብትጠራው ብትጠራው አልመጣም። አስተዳደግ ጎድሎት እንዳይመስልዎት፤ ለዚያ እኔ ዋስ ነኝ። ነጭ ሥጋ ሐኪም አዝዞልዎት ከሆነ ግን፣ ክቡር ሰብሳቢ፣ እግዚአብሔር ይማርዎ።