ስለ ስልሳዎቹ የላስቲክ መቅጃዎች ለኃላፊያችን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ተክለጻድቅ ወልደ ጊዮርጊስ
የመስክ ክትባት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቦንጋ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ በተለይ ኩላሊትዎና ፊኛዎ በመልካም ጤንነት ላይ እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ብዙም አልጠራጠርም፤ ከቢሮዎ በር እስከ መጸዳጃ ቤቱ አሥራ አንድ እርምጃ ብቻ እንደሆነ፣ ቁልፉም ከእርስዎ ኪስ እንደማይወጣ መላው ሠራተኛ ያውቃል። እኛም ተመስገን ደህና ነን፤ ከበላይነሽ በቀር። የበላይነሽን ነገር እመጣበታለሁ።

እኔ አመልካቿ ሲስተር አስካለማርያም ፍቅሩ፣ የክትባት ሣጥን ተሸክሜ ከዋጫ እስከ ደካ፣ ከደካ እስከ ቢታ ገነት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተመላለስኩ የጽሕፈት ቤትዎ ነርስ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልብኝ። ባለፈው ግምገማ ላይ ሠራተኛው በየጓዳው ከሚያማ ቅሬታውን በግልጽ ያቅርብ ብለው ስለመከሩን፣ ምክርዎን ሥራ ላይ ማዋሌ ነው።

አንደኛው ጉዳዬ ስለ ጉዞው ነው። እንደሚያውቁት በአንዲት ፒክአፕ ስድስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ሆነን እንወጣለን። ሾፌራችን ጋሽ ሰብሃት ደግ ሰው ናቸውና በየሁለት ሰዓቱ መኪናዋን ጥግ አስይዘው እስቲ ትንሽ እንናፈስ ይላሉ። ያን ጊዜ ስድስቱ ወንድሞቻችን ፊታቸውን ወደ ጫካው፣ ጀርባቸውን ወደ እኛ አዙረው በአንድ ደቂቃ ተናፍሰው ይመለሳሉ። እኔና የሥራ ባልደረባዬ በላይነሽ ግን ለመናፈስ ቁልቁለቱን መውረድ፣ ከሰው ዓይን የሚሰውር ቁጥቋጦ መፈለግ፣ ቀሚስ መሰብሰብና ጭቃ ላይ ቁጢጥ ማለት አለብን። ባለፈው ኅዳር ወደ ደካ ስንሄድ በላይነሽ በዝናብ ተቻኩላ የገባችበት ቁጥቋጦ ሳማ ሆኖ ተገኘ። የቀረውን መንገድ ከኋላ ቆማ ጨረሰችው። ወንዶቹ ምን ሆነሽ ነው ቢሏት የአገሬን ደን እያየሁ ነው አለቻቸው፤ ሁላችንም ሳቅን፤ እኔም ጭምር ስቄያለሁ፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ከዚያ ወዲህ እኔና እሷ መላ አገኘን፤ በመስክ ቀን ውኃ አለመጠጣት። እናቶችን ውኃ በደንብ ጠጡ ብለን የምናስተምረው እኛው፣ ከንፈራችን ደርቆ መዋል ጀመርን። ጉድ እኮ ነው! እኔን እንጃ ምኑ አተረፈኝ፣ በላይነሽ ግን በጥር ወር ኩላሊቷን ታማ ዐሥር ቀን ተኛች።

ሁለተኛው ጉዳዬ ምስጋና ነው ማለት ይቻላል። የበላይነሽን መታመም ከሪፖርታችን ያነበበ አንድ ለጋሽ ድርጅት በየካቲት ወር አንዲት ዕቃ ለናሙና ላከልን፤ ሁለት ሳምንት እንድሞክራትም ለእኔ ተሰጠችኝ። ለስላሳ ላስቲክ ናት፤ አፏ ሰፊ፣ ጭራዋ ጠባብ፣ የላምባ መቅጃ የመሰለች፣ ታጥፋ ከቦርሳ ኪስ የምትገባ። አንዲት ሴት እሷን ይዛ፣ ልብሷን ሳታወልቅና ሳማ ሳይነካት፣ ዛፍ ተጠግታ እንደ ወንድ ልጅ ቆማ ትሸናለች። የመጀመሪያ ቀን ከዋጫ ወዲህ በአንድ እጄ ዣንጥላ ይዤ፣ ቆሜ ስጨርስ እልል ማለት ነበር የቀረኝ። ከመኪናው ተመልሼ አንድ ሊትር ውኃ ባንድ ትንፋሽ ጠጣሁ። ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅም ዕቃዋን በመመሪያው መሠረት ለንብረት ክፍል በደረሰኝ መለስኩ፤ የንብረት ክፍሏ እትዬ በዛወርቅ ምስክሬ ናቸው።

ለጋሹ ድርጅት የሙከራ ውጤቱን አይቶ፣ በየወረዳው ላሉት የመስክ ሴቶች ሁሉ እንዲዳረስ ሃምሳ ዘጠኝ ተጨማሪ በካርቶን ላከ፤ ከናሙናዋ ጋር ስልሳ ሆኑ። ካርቶኑ በግንቦት ሲደርስ እኔና በላይነሽ ቢታ ገነት ዘመቻ ላይ ነበርን። እርስዎም እኛን መጠበቅ የአሠራር ማነቆ መስሎ ስለታየዎ፣ እርስዎን ጨምሮ አምስት ወንዶች ያሉበት የዕቃ መለያ ኮሚቴ በአስቸኳይ አቋቋሙ። ጽሑፉ የባዕድ ቋንቋ ስለነበረ ኮሚቴው በካርቶኑ ሥዕል ላይ ተወያየ። ቃለ ጉባኤውን አንብቤዋለሁ። ሥዕሉ ላይ ደን አለ፤ ዛፍ ተጠግታ የቆመች ሴት አለች፤ ከያዘችውም መቅጃ ወርቃማ ፈሳሽ ይወርዳል። ስለዚህ ሥዕሉ ሴቶች የጫካ ማር ሲቀዱ የሚያሳይ ነው ተብሎ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ስልሳውም ዕቃ ማር ለሚያመርቱ ሴቶች ማኅበር በትውስት እንዲሰጥ ተወሰነ።

እውነቱን ለመናገር በዚህ አልፈርድባችሁም። ካፋ ተወልዶ ያደገ ሰው ከዛፍ ሥር ወርቃማ ነገር ሲወርድ ቢያይ ከማር ሌላ ምን ያስባል? ብቻ ከአምስታችሁ አንዳችሁ ቤታችሁ ገብታችሁ ሚስታችሁን ብታማክሩ ኖሮ ሳቋ ከጎረቤት ይሰማ ነበር። እትዬ በዛወርቅ እንኳ ያውቁ ነበር። ታዲያ ለምን ዝም አሉ ብላቸው፣ ማን ጠይቆኝ አሉኝ።

በሰኔው ባዛር እርስዎ በማር ድንኳኑ ፊት ቆመው ከአረንጓዴዎቹ መቅጃዎች መሐል ሐምራዊዋን መርጠው ሲያነሡ እኔ ከሕዝቡ መካከል ነበርኩ። ይህች ቀላል ቴክኖሎጂ የሴቶቻችንን የዘመናት ድካም ታቃልላለች ብለው ተናገሩ። ከንግግርዎ አንዲት ቃል የምትነቀስ አልነበረችም። ከዚያ በገዛ እጅዎ ለእንግዶቹ ማር ቀዱላቸው፤ በጭራዋ የቀረውንም በጣትዎ ጠርገው ቀምሰው፣ እንዲህ ያለ ማር በዕድሜዬ አላጋጠመኝም አሉ። የሆነውን ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ጭብጨባው ቀደመኝ። በዚያው ሳምንት በላይነሽ ለሁለተኛ ጊዜ ኩላሊቷን ታማ ተኝታ ነበር። ይህን ስጽፍ አልቀልድም፤ በጣም ተናድጄ ነው የምጽፈው።

ሦስተኛው፣ እዚህ ያደረሰኝም እሱ ነው፣ ትናንት የደረሰን ደብዳቤ ነው። ሴት ባለሙያዎች ለራሳቸው ምቾትና ደህንነት ሲባል ከነሐሴ አንድ ቀን ጀምሮ ከመስክ ተነሥተው መዝገብ ቤት እንዲሠሩ ወስነዋል። እንዴት ያለ አሳቢነት ነው! ለእኔስ ይሁን፤ ያረጀ ፋይል አቧራ ማራገፍ ለዕድሜዬ ይስማማ ይሆናል። በላይነሽ ግን ከቡድኑ የአገሬውን ቋንቋ ካፊኖኖን እንደ ውኃ የምትናገረው እሷ ብቻ ናት። በጌሻ መንደሮች ያረገዙ ሴቶች በራቸውን የሚከፍቱት የእሷን ድምፅ ሰምተው ነው። ለእናታቸው ያልነገሩትን ለእሷ ይነግሯታል፤ ለስድስቱ ወንድሞቻችን ግን፣ ምንም ጨዋ ቢሆኑ፣ አይነግሯቸውም። ደብዳቤዎን ካነበበች ጀምሮ እያለቀሰች ነው። ሥራዬን የነጠቀኝ ፊኛዬ ነው ትለኛለች፤ የነጠቃት ማን እንደሆነ ከላይ ስለጻፍኩ አልደግመውም።

አራተኛም ነበረኝ፤ ስለ መጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ። ለሚቀጥለው ግምገማ ይቆየኝ።

እንግዲህ የምለምነው ቀላል ነው። የዝውውር ደብዳቤው ይሰረዝልን፤ ዕቃዎቹም ከማኅበሩ ተመልሰው ለተላኩላቸው ሴቶች ይሰጡ። የማኅበሩ ሴቶች ለማሩ የሚሆን ደህና መቅጃ ከገበያ አያጡም፤ ለእኛ ግን ገበያ ላይ የሚሸጥ የለም። በዚህ የማስፈጸም አቅም ውስንነት ያጋጥማል ብዬ አልሰጋም፤ ማሩን በምን ፍጥነት እንዳስፈጸሙት አይቻለሁና።

ለሴቶች ምቾት ለሚጨነቀው ልብዎና ሥዕል አንብቦ ለሚረዳው ዓይንዎ ጤናና ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከመዝገብ ቤት ይልቅ ጭቃውን የምትመርጥ ታዛዥ ሠራተኛዎ፣

ሲስተር አስካለማርያም ፍቅሩ
ሐምሌ 19 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ቦንጋ

ማሳሰቢያ፦ ከግንቦቱ ካርቶን የወጡት ሃምሳ ዘጠኙም አረንጓዴ ናቸው። ሐምራዊዋ ናሙናዋ ናት፤ እኔ ሁለት ሳምንት ዝናብ ሳልል ፀሐይ ሳልል የተገለገልኩባት። የመለስኩበት ደረሰኝ ከነፊርማው ከዚህ ሥር ተለጥፏል። አይስጉ፣ ስመልሳት በሳሙና አጥቤያታለሁ፤ ማሩንም ቢሆን እርስዎ ራስዎ መስክረውለታል። ስለዚህ ሃምሳ ዘጠኙን ይመልሱልን፤ ሐምራዊዋ ግን ለእርስዎ ትሁን።