የብሩክን መኪና ምን ያንቃታል?

ሰኞ፣ ሰኔ 7 ቀን 2013 ዓ.ም.

ዛሬም ታነቀች። ብሩክ ነዳጅ ረገጥ ሲያደርግ መኪናዋ ትንተባተባለች፣ ልትጠፋ ትልና ትነሳለች። አሮጌ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ አየርና ቤንዚን በሚደባልቅ ካርቡሬተር የምትሠራ። አፓርታማው ጋራዥ ስለሌለው እዚህ ሂልቶፕ ሰፈር እኔ ጋራዥ ታድራለች።

ልጁ አብራኝ የምትኖረውን የልጅ ልጄን ሕሊናን ሊያገባ ሽማግሌ ሁለቴ ልኳል። አባቷ ስለሞተ እሺ የምለው እኔ ነኝ። ሁለቴም መለስኳቸው። ወግ ነው። በሁለተኛው ግን ጨመርኩበት፦ መኪናዋ ሳትታነቅ የብሮድ ስትሪትን ዳገት ካልወጣች እሁድም እንዳትመጡ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ብሩክ ሲነግሩት አልሳቀም።

አንተም ደብተር ባትሆን ትስቅ ነበር።

ረቡዕ፣ ሰኔ 9

ብሩክ ሂሊያርድ ካለው የዕቃ መጋዘን የሌሊት ሺፍቱን ጨርሶ መጣ። ዓይኑ ደም መስሏል። ካንዴላ ቀይር አልኩት፣ ቀየረ። የአየር ቱቦዎቹን ፈትሽ፣ ፈተሸ። ሚኒሞውን፣ ሞተሩ ሳይረገጥ የሚዞርበትን፣ ከፍ አርግ፣ ዝቅ አርግ። እጁ ተቃጠለ። አይዞህ፣ ለቀለበቱ ሌላኛው እጅ አለ አልኩት። "እሺ ጋሼ" ይላል። እሺ ሲለኝ ይብስብኛል!

ሕሊና "ግራንድፓ፣ ስቶፕ ኢት" ትላለች። እንግሊዝኛ አልሰማም አልኳት። እሰማለሁ።

ላንተ ብቻ ልንገርህ። ነዳጅ በድንገት ሲረገጥ አየሩ ቀድሞ ይገባል፣ ቤንዚኑ ይዘገያል። ክፍተቱን የምትሞላ ትንሽ ፓምፕ ካርቡሬተሩ ጎን አለች፤ እንደተነካች መርጨት አለባት። የማንሻዋ ዳዶ ከላላ ግን ዘግይታ ትረጫለች። ሞተሩን አጥፍቶ፣ የአየር ማጣሪያውን አንስቶ፣ የካርቡሬተሩን ጉሮሮ ቁልቁል እያየ ነዳጁን በእጁ ቢነካ ይገባው ነበር። አልነገርኩትም። እሱ ሲሄድ ዳዶውን የማላላው እኔ ነኝ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 10

ደረሰበት! ማጣሪያውን ራሱ አነሳ። ፓምፗ ዘግይታ ስትረጭ አየ፣ ዳዶውን አጠበቀ። መኪናዋ ተፈተለከች። አቀፈኝ። ሕሊና ዘለለች። ስለ አፓርታማ ያወራሉ፤ ሁለት መኝታ፣ ፓርኪንግ ያለው። እኔ በየትኛውም መኝታ የለሁበትም።

ሲሄድ መልሼ አላላሁት።

ዓርብ፣ ሰኔ 11

ታነቀች። ብሩክ ዳዶውን አፍጥጦ አየው። በራሱ ይላላል እንዴ ጋሼ? አለኝ። ሰውየውን ሲንቅ ይላላል አልኩት። መልሶ አጠበቀው።

እራት ላይ መነጽሬን ጋራዥ ረሳሁ ብዬ ወጣሁ። እውነትም መነጽር አላደረግኩም ነበር። በዳሰሳ አላላሁት፣ ተመለስኩ፣ ቁጭ አልኩ። ሕሊና እጄን አየች። ከዚያ፣ ያለወትሮዋ፣ በአማርኛ፦ "አባባ፣ ጣትህ ላይ የኔ የጥፍር ቀለም አለ።"

ዳዶውን ቀብታው ኖሯል። ገና አልደረቀም ነበር።

ብሩክ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰ። "ይብሉ እንጂ ጋሼ" አለኝ። በላሁ። ምን ላድርግ?

ቅዳሜ፣ ሰኔ 12

በጠዋት መጣ። ኮፈኑን ከፈተ፣ ፊቴ ላይ አጠበቀው፣ ዘጋ። የሕሊና ሻንጣ ኋላ ወንበር ላይ ነው። እናቷ ጋ፣ ሚነርቫ ፓርክ ሰፈር ትከርማለች አሉ። ሲወጡ ሚዜ ለመሆን ሽማግሌ ነኝ ወይ ብዬ ቀለድኩ። ብሩክ ሞተሩን አስነሳ።

እሁድ፣ ሰኔ 13

ሱፍ ለበስኩ። ወንበር ደረደርኩ፣ ለስላሳ ገዛሁ። ልመልሳቸው ነው ልቀበላቸው? አላውቅም ነበር። ይምጡ ብቻ።

አሥር ሰዓት ላይ የመኪናዋን ድምፅ ሰማሁ። በደጄ አለፈች። ረገጣት፣ ወጣች። አንዴም አልተንተባተበች። ጥሩ አርጎ ሠርቷታል፣ አፈር ይብላና።

የሕሊና እናት፣ ልጄ አልማዝ፣ ኮል አደረገችኝ። ሽማግሌዎቹ እሷ ጋ ሄደዋል። እሺ ብላለች። አንተን እንዳናደክም ብለን ነው አለችኝ። ለሠርጉ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቫን ውስጥ ቦታ ይዘውልኛል።

የጣቴ ቀለም በቤንዚን አይለቅም፤ ሞከርኩ። የሚያስለቅቀውን ሕሊና ይዛው ሄዳለች።

ነገ ዳዶውን ያላላሁባትን ትንሿን ቁልፍ በአልማዝ እጅ እልክለታለሁ። ይቅርታ አልለውም። ቁልፏን ሲያይ ይገባዋል፤ ካልገባው በእግሩ ይሂድ።