የሰው እጅ የሌለበት

ይድረስ ለእናቴ፤

ከራስ ጠጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ ደህና ነሽ ወይ? ወገብሽንስ ተሻለሽ? ዘንድሮ የክረምቱ ጎርፍ ወደ ቤታችን አለመድረሱን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጣራ ገዳም ከየኔታ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ትምህርቴ ላይ ነኝ።

ዘመድ አዝማድ ፊት መርቀሽ በአጎቴ ልጅ በዘመኑ የላክሽልኝ የአባባ ጠመንጃ ከነአምስት ጥይቱ ደርሶኛል። «አባትህን የገደለው አያልነህ አሥር ዓመቱን ጨርሶ ተፈቶ እንደ ልቡ ይመላለሳል፤ አንተ መጽሐፍህን ግለጥ» ማለትሽንም ነግሮኛል። ዘመኑ መቼም መልእክት ላይ ጨው መጨመር ይወዳል። ቢሆንም አቃጠለኝ።

ያን ሰሞን የኔታ ነቢዩ ሆሴዕን እየተረጎሙልን ነበር። እግዚአብሔር ይሁዳን ሲያድን ቀስትም፣ ሰይፍም፣ ፈረሰኛም እንደማያሻው፣ ማንም ሳያግዘው ራሱ እንደሚያድን ነገሩን። እኔ ከፊታቸው ቁጭ ብዬ የምገድልበትን ቀን እቆጥር ነበር። ይቅር ይበለኝ።

ቅዳሜ ጧት ከወረታ በታች የሩዝ ማሳ ውስጥ አደፈጥሁ። አያልነህ ሩዙን ሊያስፈትግ ጆንያ ተሸክሞ ብቻውን መጣ። ሽማግሌ የለ፣ ቄስ የለ፣ ሚሊሻ የለ፤ ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም። ቃታውን ሳብሁ፤ ከሸፈ። ሁለተኛውን አጎረስሁ፤ ከሸፈ። ሦስተኛውም እንደዚያው። ድምፁን ሰምቶ ዞረና አየኝ። ይሮጣል ስል ጆንያውን አውርዶ ቆመ። የአባባን መልክ ሳያይብኝ አልቀረም፤ «ጨርስ እንግዲህ» አለኝ። አራተኛውን ጥይት አወጣሁና መልሼ ኪሴ ከተትሁት። ይህን አይቶ፣ «ካልሆነ ይችን አሸክመኝ፤ ብቻየን አላነሳትም» አለ። እማየ፣ አሸከምሁት። ሳቅም ልቅሶም አንድ ላይ መጣብኝ።

እሱን ከሞት፣ እኔን ከነፍሰ ገዳይነት ማን አዳነ? እኔማ አጥብቄ አነጣጥሬ ነበር። ለየኔታ ስናዘዝ፣ «ልጄ፣ ትርጓሜው በጆሮህ አልገባ ቢል በጣትህ ገባ» አሉኝ።

በኋላ ጥይቶቹን ፈትቼ አየኋቸው። የአምስቱም ባሩድ ርሶ እንደ ጭቃ ተጋግሯል። የጠቀለልሽበት ጨርቅ ግን ደረቅ ነው፤ በመንገድም ጠብታ ዝናብ እንዳላገኘው ዘመኑ ምሎልኛል። ይህን ለየኔታም አልተናገርሁም። አንቺንም አልጠይቅሽም።

ዘመዶቻችንን እንዲህ በያቸው፦ ልጄ አልፈራም፤ ሦስት ጊዜ ቃታ ሳበ፣ ፈጣሪ ከለከለው። የሰው እጅ የለበትም በይ። እኔም የትም ቆሜ እመሰክራለሁ። ከእንግዲህ «የፈሪ እናት» ብሎ የሚሰድብሽ አይኖርም። አያልነህ ያን ዕለት እንደነገረኝ ደሙን ለማድረቅ በጥምቀት ሰሞን ሽማግሌ ይልካል፤ አሥር ዓመት የለበስሽውን ጥቁር አውልቂና ጠላ ጥመቂ።

ጎተራሽን ይሙላው፤ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። ጉልበትሽን ስሜያለሁ፤ ዛሬስ እጆችሽንም፣ ሁለቱንም።

ሁለት ጊዜ የወለድሽው ልጅሽ