ካሜራ ሌባ ያላቸው አዋላጅ

ሻሼ፣ ከነሳቅሽ እንዴት ሰነበትሽ? ዛሬ ባቡር ጣቢያ ያየሁትን ካልነገርኩሽ እንቅልፍ አይወስደኝም። መግቢያው ላይ ፊት የሚለይ ካሜራ አለ። ከፊቴ የነበሩትን አሮጊት አዋላጅ “የምትፈለግ ሌባ” ብሎ በሩን ዘጋባቸው። ጥበቃው፣ “ኮምፒዩተሩ አይሳሳትም፤ ወደ ጎን ይበሉ” አላቸው። እሳቸው ግን በሩ መሀል ቁጭ አሉ። “ሰው ይምጣና ዓይን ዓይኔን እያየ ሌባ ይበለኝ!”

የእኛ ሰፈር ጥበቃ ቢጠረጥርሽ ተጨቃጭቀሽ ታስረጂዋለሽ፤ ካሜራን ግን ምን ብለሽ ትከራከሪዋለሽ? ደሜ ፈላና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሌሎችም ተከተሉኝ። ባቡሩ ጥሎን ሲሄድ እንኳ ማንም አልተነሳም።

በመጨረሻ የጣቢያው ኃላፊ መጥታ ኮምፒዩተሩ ላይ ያለውን የሌባዋን ፎቶ ከአዋላጇ ፊት ጋር አስተያየች። ሌባዋ ለካ የልጃቸው እኩያ የምትሆን ሴት ናት!

“ይቅርታ እናቴ፣ ይለፉ።”

“መጀመሪያ የእኔን ፊት ከማሽናችሁ አጥፊልኝ!”

ሁላችንም ቆመን እያየናት አጠፋችው።

ፖስት ካርዱ ሞላ፣ በጠርዙ እየጻፍኩ ነው። ጋሼን ሰላም በይልኝ፣ እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ባቡር ያመለጠኝ ተኝቼ እንዳይመስላት፤ እምቢ ብዬ ነው በያት!