ናርዲን መስቀል አልይዝም አለች

ጳጉሜ 3፣ ዓርብ

ሰው የተገደለበትን ነገር አንገታችን ላይ ለምን እናንጠለጥላለን? ለምንስ እንስመዋለን?

ጥያቄው የኔ አይደለም፣ የናርዲን ነው። ስምንት ዓመቷ።

የመጀመሪያ የማስተማር ቀኔ ነበር። ግብርና ተመርቄ ሥራ ስጠብቅ አራት ወር አለፈኝ። ቤት መዋል ሊያሳብደኝ ሲል አባ ቢሴንቲ «ከአባይ ማዶ ያሉት ልጆቼ አስተማሪ የላቸውም» አሉኝ። ጠዋት ከማላዊ ከተማ ተነስቼ በጀልባ ተሻገርኩ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እትዬ እንሳፍ ተቀምጠዋል፣ ዱላቸው ጭናቸው ላይ። እሳቸው ሳያዩት የሚገባ እንግዳ የለም።

«የእጅህን አንጓ አሳየኝ።»

አሳየሁ። ባዶ።

«ሌላኛውን።»

እሱም ባዶ።

«አንተ ልጅ፣ መስቀልህ የታለ?»

«ልቤ ውስጥ ነው፣ እትዬ።»

«እና ልብህን ከፍቼ ልየው?»

ጸሎተ ሃይማኖትን በቃሌ ወጣሁላቸው፣ አንድ ቃል ሳልስት። «ይኼንንማ ዛሬ ስልክም ይለዋል» ብለው አባን አስጠሩ። እስኪመጡ ፀሐይ ላይ ቆምኩ።

በዚህ አገር አንጓው ላይ መስቀል ያልተነቀሰ ክርስቲያን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ስድስት ዓመቴ ላይ፣ በንግሥ ቀን፣ ከነቃሹ ወንበር ዘልዬ በሽምብራ ሻጮቹ እግር መሃል አመለጥኩ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ለባዶ አንጓዬ «ዋናው ልብ ነው» የምትል ፍልስፍና አገኘሁለት። እውነቱ? መርፌ እፈራለሁ።

ትምህርቱማ… የመስቀልን ትርጉም በሰባት ነጥብ ጽፌ ነበር። ሦስተኛው ላይ ናርዲን እጇን አወጣች።

«ጌታን የገደሉት በሱ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«አጎቴን የገደለው መኪና ነው። እኛ ቤት ግን የመኪና ሥዕል የሚስም የለም።»

አሥራ አንድ ልጆች አፍ አፌን ያዩኛል። አራተኛው ነጥብ አላዳነኝም። ሰባተኛውም።

«በበዓሉ ቀን መስቀል ይዘሽ ስትዞሪ ይገባሻል» አልኳት።

«ሳይገባኝ አልይዝም።»

«እኛም» አሉ ሌሎቹ። አለቃቸው ናት ለካ። እስከ መስከረም 17 መልስ አመጣለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ምን ነካኝ?

መስከረም 1

አዲስ ዓመት። ቀይ ቴምር በላን። እናቴ እንደየዓመቱ፣ ውጩ የሰማዕታት ደም፣ ውስጡ ንጹሕ ልባቸው፣ ፍሬው የማይሰበር እምነታቸው… አለች። ለቴምር ይህን ያህል መልስ ካላት ብዬ የናርዲንን ጥያቄ አቀረብኩላት። አሰበች፣ አሰበች። «ብላ» አለችኝ።

መስከረም 5፣ ዓርብ

ናርዲን በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«አመጣህ?»

«እያነበብኩ ነው።»

«እንግዲያው አንብብ።» ሄደች። ሰባቱ ተከተሏት። ሦስት ልጅ ይዤ ቀረሁ፣ አንዱ ደግሞ ተኝቷል።

ለአባ ቢሴንቲ ሌላ አስተማሪ ይፈልጉ አልኳቸው። «ከነቃሽ ያመለጠ ሰው ከልጅም ማምለጥ ያምረዋል» አሉ፣ እየሳቁ። ማን ነገራቸው? እናቴ ናት። ሌላ ማን ይሆናል።

በዓሉ ላይ ልጆቹ ባዶ እጃቸውን ቢቆሙ በኔ ነው። ከዚህ በፊት ዝም ብለው ይዘው ይዞሩ ነበር። ትርጉሙን ላስተምር መጥቼ አስጣልኳቸው…

መስከረም 8

ቀኑ ዓርብ አይደለም፣ ግን ቤት አልተቻለኝም። ተሻገርኩ። እትዬ እንሳፍ ዛሬ አንጓዬን አልጠየቁኝም። እኔ የሳቸውን ጠየቅኩ። ትንሽ መስቀል፣ በአራቱ ማዕዘን ነጥብ፣ ወዙ ጠፍቶ ሰማያዊ ጭስ መስሏል።

«አምስት ዓመቴ ነበር። ነቃሹን ሳይ ጮህኩ። አባቴ ምን አደረገ መሰለህ? የራሱን እጅ ዘረጋ። ነበረው እኮ፣ ከኔ ዕድሜ በፊት የተነቀሰው። በላዩ ላይ አስደገመው። ‹እይ፣ መጀመሪያ እኔ› አለኝ። ከዚያ ጭኑ ላይ አስቀመጠኝ።»

«አሞዎት ነበር?»

«ሳያመኝማ አይቀርም። መርፌውን ረሳሁት። ጢሙ ግንባሬን ሲወጋኝ ግን እስከ ዛሬ ይሰማኛል።»

መልሱ ይኸው… «ለናርዲን ልንገራት?» አልኩ።

«ምን ብለህ? ከሰው የሰማኸውን?»

ዱላቸውን መሬት ላይ ቸከል አደረጉና «ጋሽ ናሺድ ነቃሹ ዓርብ እዚህ ግቢ ይመጣል» አሉ። አልጠየቅኋቸውም።

መስከረም 12፣ ዓርብ

ዛሬውኑ ልጻፈው።

ጋሽ ናሺድ ከዛፉ ሥር ወንበሩን ዘርግቷል። ተቀመጥኩ። ማሽኑ እንደ ንብ እምም አለ። ተነሳሁ።

«ሊሮጥ ነው» አለ አንዱ ከኋላ። ዞር ስል ናርዲንና ጭፍራዋ። ግቢው ሁሉ ሳቀ፣ እትዬ እንሳፍም። ናርዲን ግን አልሳቀችም። መጥታ ግራ እጄን ያዘችና ወንበሩ ላይ አስቀመጠችኝ።

«መርፌውን አትይ፣ ጋሼ። እኔን እይ። እስከ ሃያ ቁጠር።»

ቆጠርኩ። ዘጠኝ… አሥር… ያማል። በጣም ያማል።

«አሥራ አንድ በል እንጂ።»

«ረሳሁት።»

«የተማረ ሰው» አለች ለጓደኞቿ። እጄን ግን አለቀቀችም። ሃያው ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ተቆጠረ መሰለኝ።

ጋሽ ናሺድ ደሙን ሲጠርግ እሷ መስቀሉን አየችው፦

«ይኼን ስታየው መርፌውን ነው የምታስታውሰው ወይስ እኔን?»

«አንቺን።»

ግንባሯን ቋጠረች። «አጎቴን የገጨው ሰውዬ ጥሎት ነው የሄደው።»

«አውቃለሁ፣ ናርዲን።» አላውቅም ነበር።

«ጌታ ግን እያመመው አልሄደም።»

«አልሄደም።»

«እንግዲያው የምንስመው እንጨቱን አይደለማ። ጥሎን ያልሄደውን ነው።»

እኔ ነኝ መልስ አመጣለሁ ያልኩት። ጋሽ ናሺድ ማሽኑን አጥፍቶ ያያታል። እትዬ እንሳፍ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲነኩ አየሁ፣ «አቧራ ነው» አሉኝ።

መስከረም 13

አብጧል። እናቴ አየችው፣ አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ጎረቤት ጠራች። ቀኑን ሙሉ እጅጌዬን ጠቅልዬ ዋልኩ። ሙቀቱ ነው ብያለሁ።

መስከረም 17

በዓሉ! ዜማው እንደ ሆሣዕና ነው፣ እግር አያስቆምም። አሥራ አንዱም ይዘው ዞሩ። ናርዲን ትልቁን አንስታ፣ በዘንባባና በአበባ የተሸለመውን፣ ከቁመቷ የሚበልጠውን። ሁለት ጊዜ ጭንቅላቴን መታችኝ። ይቅርታም አላለች።

ከኋላዋ ያለችው ትንሽ ልጅ «ለምንድን ነው የምንይዘው?» ስትላት ሰማሁ። ጠጋ አልኩ፣ ምን ትላት ይሆን ብዬ።

«ሲያልቅ ነይ፣ እነግርሻለሁ።»

ነገረቻት። በሰባት ነጥብ አይደለም። መርፌ አለበት፣ እኔም አለሁበት፣ እንደ ፈሪ።

የሥራ ጥሪ አሁንም የለም። ይምጣ ግድ የለም፣ ዓርብን ግን ለማንም አልሰጥም። ማታ፣ ወደ ቤት ከመሻገሬ በፊት፣ ለክፍሉ በር ማስታወቂያ ጻፍኩ። ናርዲን አንብባ መጨረሻውን አስለወጠችኝ፦

«ለምን የምትሉት ነገር ካለ ዓርብ ከቅዳሴ በኋላ ኑ፣ ጠይቁን። መልስ ያላችሁም ኑ። አስተማሪው ይፈልጋችኋል።»