የቀትር ፊት

ጥር 5፣ 2001 ዓ.ም.፣ ዘመሮ

ብጉሩ ዛሬም ግንባሬን ሞልቶታል። ጥፋቱ የራሴ ነው... ፀሐዩ እንዳያቃጥለኝ ብዬ ወዛም ፊት ላይ ቫዝሊን ስለቀለቅ ከርሜ። የመሐል ሜዳዋ ፋርማሲስት ሳቀችብኝ። «ቫዝሊኑን ተዪው። ዘይት የሌለው ሰንስክሪን ተቀቢ፣ ባርኔጣም አድርጊ።» ተቀባሁት። ኖራ የተለቀለቅሁ ነው የምመስለው። ይሁን፣ ፊቴ ይዳንልኝ እንጂ። ተማሪዎቼ ሲሳሳቁብኝ ሰለቸኝ።

ጥር 8

ቀትር ላይ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ እማማ የትምወርቅ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠዋል። ልጃቸው መሲ ከሞተች ወር አልሞላትም፤ እዚያው ግቢ ነው የተቀበረችው። ቀና ብለው አዩኝ።

«መጣሽ?»

«አዎ እማማ።» ሰላምታ መስሎኝ።

ጥር 14

ብጉሩ እየከሰመ ነው። ደስ ብሎኛል።

እማማ ግን... ዛሬ ጉንጬን ዳበሱኝ። «እዚያ ፀሐይ የለም አይደል? ፊትሽ ጠራ» አሉ። እዚያ የት? ጣታቸው ላይ የቀረውን ነጭ በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ቋጠሩት።

ጥር 20

መሪጌታ ወልደ አማኑኤል ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። የመሲ አርባ ከነገ ወዲያ ነው። እናቷ ግን ተዝካር አላወጣም ብለዋል። «በየቀኑ ቀትር ላይ ትመጣለች፤ ለሚመጣ ሰው ምን ተዝካር አለው ይላሉ። ነፍሷ ታሳዝናለች። ያንን ነጭ ነገር ታጥበሽ ይዩሽ፣ ልጄ።»

እውነቱን ልጻፍ። መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ፊቴ ነው። አፈርኩ።

ጥር 21

ሁለቴ በሳሙና ታጠብኩ። ባርኔጣም የለም። ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ።

«እማማ፣ መምህርት ጌታነሽ ነኝ። እስከ ዛሬም የመጣሁት እኔ ነኝ። ነጩ የፀሐይ መከላከያ ነው።»

አተኩረው አዩኝ። «መች አጣሁሽ የኔ ልጅ፣ አስተማሪዋ ነሽ።»

እፎይ አልኩ። ከዚያ በትከሻዬ አሻግረው አዩና ፈገግ አሉ።

«ዛሬስ ሁለት ሆናችሁ መጣችሁ።»

ዞር ብዬ አላየሁም። ለምን አላየሁም?

ጥር 26

ሳልቀባ አምስት ቀን። አምስቱንም ቀን እማማ «ሁለት ናችሁ» አሉ። ብጉሩ ተመልሷል። እሱስ ምን አለበት... ከኋላዬ ኮቴ የሚሰማኝ ለምንድን ነው?

የካቲት 2

ተዝካሩ አልወጣም። መሪጌታም «ሁለት ናችሁ» መባሌን ሰምተው ነው መሰል፣ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ።

ጠዋት ነጩን በደንብ ተቀባሁ፣ ጆሮዬ ድረስ። ቀትር ላይ በአጥሩ አለፍኩ። ኮቴ የለም። እማማ ከኋላዬ ማንንም አልፈለጉም፤ የሚያዩት እኔን ብቻ ነበር።

«መጣሽ?»

«መጣሁ፣ እማዬ» አልኩ።

አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ። ተቀመጥኩ።